ማግኒዚየም የምውጥበት ሰሞን

ልቤ እንደሚመታ ያወቅሁት አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ነው። አገሬ ሳለሁም ይመታ ነበር መሰለኝ፤ ግን ለእኔ ሪፖርት አያደርግም። እሱ ሥራውን ይሠራል፣ እኔም ሥራዬን እሠራለሁ፣ ተከባብረን ነበር የምንኖረው። አሌክሳንድሪያ ገብቼ፣ አንድ ሆቴል ሥር ካለ ፓርኪንግ ተቀጥሬ፣ ቡዝ በሚሏት ጠባብ የቲኬት ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ የሰው መኪና ሲገባና ሲወጣ መመልከት ከጀመርኩ ወዲህ ግን ሌላ የማዳምጠው ነገር አጣሁ መሰለኝ አንድ ቀን ሰማሁት። ድው፣ ድው፣ ድው፣ ከዚያ ዝም። ጉድ ያፈላው ይኼ ዝም ያለው ነው። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። ቆይቶ ድው አለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እኔና ልቤ ተፋጠጥን።

ልባችሁን አዳምጣችሁ የማታውቁ ከሆነ አደራችሁን አትጀምሩ። እኔ ቲኬት ስሰጥ አዳምጣለሁ፣ መኪና ሳቆም አዳምጣለሁ፣ ሰው ሲያናግረኝ «አዎ፣ አዎ» እያልኩ ውስጥ ውስጡን የማዳምጠው ልቤን ነው። እራት እየበላን ጉርሻዬን አየር ላይ ይዤ ቀጥ ስል ባለቤቴ ጥሩወርቅ «አሁን ደግሞ ምን ሰማህ?» ትለኛለች። ምን እላታለሁ? አንዷን ዘለለ እላታለሁ። እሷ ቀኑን ሙሉ የሆቴል አልጋ ስታነጥፍ ውላ የምትመጣ ሴት ናት። «የእኔስ ስንቱን ዘሏል፣ መች ቆጠርኩት» ብላ ወጧን ታወጣለች።

ዶክተር ዘንድ ሄድኩ። ፈረንጁ ደረቴ ላይ ሽቦ ለጣጥፎ፣ ማሽኑ ረጅም ወረቀት ተፍቶ፣ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አይቶ ሲያበቃ «ልብህ ጤነኛ ነው፤ ቡና ቀንስ፣ ሐሳብም ቀንስ» አለኝ። ቡናውስ ይሁን። ሐሳብ በምን ይቀነሳል? መቀነሱን ሳስብ ይጨምራል እኮ። ደግሞ ባዶ እጄን ነው ያሰናበተኝ። መርፌ የለ፣ ክኒን የለ፣ ሽሮፕ የለ። እኛ ዘንድ ሐኪም ቤት ሄዶ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው አንድም ጤነኛ ነው፣ አንድም ተስፋ የተቆረጠበት ነው። ጤነኛ አለመሆኔን እኔው ራሴ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ሁለተኛው ነኝ ብዬ ደመደምኩ።

በዚህ ጊዜ ነው ጋሽ ተፈራን ያማከርኳቸው። ጋሽ ተፈራ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራሉ፣ ታክሲ ይነዳሉ፣ በዕድሜ አባቴ ሊሆኑ ምንም አይቀራቸውም፣ በማናቸውም ጉዳይ ላይ አስተያየት አላቸው። እውቀታቸው ሁሉ ከተሳፋሪ የተገኘ ነው። ጠበቃ የጫኑ ዕለት ሕግ ያስተምሩናል፣ የባንክ ሰው የጫኑ ዕለት ስለ ወለድ ያስረዱናል።

«በቀደም አንድ የልብ ዶክተር ከኤርፖርት አመጣሁ» አሉኝ። «ምን አለኝ መሰለህ? ሰውን የጨረሰው የማግኒዚየም እጥረት ነው አለኝ። ልብ ያለ ማግኒዚየም ዘይት የሌለው ሞተር ነው አለ።»

«እርግጠኛ ነዎት የልብ ዶክተር ነው?»

«ሻንጣው ከባድ ነበር» አሉኝ።

ይህን ማስረጃ ይዤ በማግስቱ በሜትሮ ባቡር ሲልቨር ስፕሪንግ ሄድኩና፣ ከጋሽ ተፈራ ጋር ጆርጂያ አቬኑ ላይ ካለች አንዲት የቫይታሚን ሱቅ ገባን። ሱቋ የደረቀ ሣር ትሸታለች። ሻጯ ልጅ በጣም ጤነኛ ናት፤ ጤንነቷ ያስፈራል። ማግኒዚየም ስንላት ቡናማ ጠርሙስ አወጣች። ጠርሙሱ ላይ ቀይ ልብ ተሥሏል፣ ከሥሩ በቀን አንድ ፍሬ ይላል። ክኒኑ የባቄላ ፍሬ ያህላል። ጋሽ ተፈራ ጠርሙሱን ጆሯቸው አጠገብ ነቅነቅ አድርገው «ጥሩ ነው» አሉ። ምኑን እንደሰሙ አላውቅም።

የመጀመሪያውን ዕለት ዋጥኩና ወንበር ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ልቤ ምንም አላለም፤ ማለት ዝም ሳይል መታ። ደስ አለኝ። ችግሩ ከመዋጤ ሳይሆን ጠርሙሱን ከማስቀመጤ መጣ። ፍሪጅ ላይ አስቀመጥኩት። የሐበሻ ቤት ገብቶ ፍሪጅ ላይ ያለውን ሳያይ የሚወጣ እንግዳ የለም። የመጀመሪያዋ ታዛቢ እማማ አሰለፈች ሆኑ። እማማ አሰለፈች ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ፣ ልጃቸው ሥራ ስትሄድ ከእኛ ዘንድ የሚውሉ ባልቴት ናቸው። እንግሊዝኛ ማንበብ አይችሉም፣ የተሣለውን ልብ ግን አዩት።

«ምነው ልጄ፣ ልብህን ነው?»

«ኧረ እማማ፣ እንዲያው ለማጠንከሪያ ነው።»

«አይ የኔ ልጅ፣ እንዳልጨነቅ ብሎ እኮ ነው» አሉና እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

ወሬው ከእኛ ሕንጻ ሲነሳ «ክኒን ጀመረ» የሚል ነበር። ኮሎምቢያ ሃይትስ ሲደርስ ልቤ ላይ ቀዳዳ ተገኘ። ከሪቨርዴል አንድ የማላውቀው ሰው ኮል አድርጎ «ኦፕሬሽኑ በሰላም አለቀ ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ኦፕሬሽን እንዳላደረግሁ ሳስረዳው «አይዞህ፣ ያደርጉልሃል» ብሎ አጽናናኝ።

ሳምንት ሳይሞላኝ ደግሞ ሆዴ ሌላ ፀባይ አመጣ። በጨዋ ቋንቋ፣ አስቀመጠኝ። አስተዋይ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ክኒኑን ይተው ነበር። እኔ ግን ለእማማ አሰለፈች ነገርኳቸው።

«እሰይ» አሉኝ፣ «ሠራ ማለት ነው። ኮሶ ጠጥተህ አታውቅም? መድኃኒት ካላስቀመጠ ምኑን መድኃኒት ሆነ? ያ ክፉው ነገር ነው እየወጣልህ ያለው።»

ክፉው ነገር ከልብ ተነሥቶ በየት በኩል እንደሚወጣ አልጠየቅኋቸውም። ልጅ ሆነን በየጊዜው ኮሶ እየጠጣን ያደግን ሰዎች ነን፤ ሆድ ሲጠረግ ሰው ይድናል የሚለው ነገር ከደማችን ጋር ተዋሕዷል። እንዲያውም ብዙ ካወጣ ብዙ ይሠራል ብዬ በቀን አንድ የነበረውን ሁለት፣ ከዚያም ሦስት አደረግሁት። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ፈረንጅ ለፈረንጅ የጻፈው ነው ብዬ ተውኩት።

የፓርኪንጉ ሽንት ቤት ሁለት ፎቅ ወደ ላይ ነው። አንድ ቀን አንድ ትልቅ ሰውዬ ትልቅ ጥቁር መኪናቸውን መግቢያው ላይ አቁመው ቁልፉን ሲሰጡኝ ሆዴ ጠራኝ። አፍታ ይስጡኝ ብዬ በረርኩ። እዚያ ስደርስ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ስመለስ ከመኪናው ኋላ ሌላ መኪና፣ ከዚያ ኋላ ሌላ፣ ሰልፉ መንገድ ላይ ወጥቶ ጥሩምባው ከተማውን ያናውጠዋል። ማናጀሬ ፊቱ ቲማቲም መስሏል። «ልቤን ያመኛል» አልኩት። ሌላ ምን ልበለው? በዚያው ቀን ደግሞ እዚያው የሚሠራ አንድ የአገሬ ልጅ ልቤ ሥራ ላይ እንዳቆመ ለሰፈር አወራ።

እስካሁን ያወራሁላችሁ ቀልድ ነው። ጭንቀቴ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

መጀመሪያ የተለወጡት ጋሽ ተፈራ ናቸው። እሳቸው ክርክር ተሸንፈው አያውቁም። አንድ ቀን ሆን ብዬ ለመነካካት «ከእርስዎ ታክሲ ሜትሮ ይፈጥናል» አልኳቸው። «ልክ ነህ ልጄ» አሉኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና። ክው አልኩ።

ቀጥሎ ስልካችን ተሰደደ። ሳሎን ነበር የሚቀመጠው፤ ከሥራ ስመለስ ሽቦው በበሩ ሥር ሾልኮ መኝታ ቤት ገብቷል።

«ጥሩዬ፣ ስልኩ ምን ሆነ?»

«ሳሎኑ ጠበበን» አለችኝ።

«ስልክ እኮ ነው፣ ሶፋ አይደለም።»

ስልኩ ሲጮህ ከምጣዷም ከድስቷም ተነሥታ ትሮጣለች፣ በሩን ትዘጋለች፣ ታንሾካሹካለች። በሩ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ የሰማሁት ይኼ ነው፤ «ገና ነው... አልነገርነውም... ልቡ እኮ ነው ችግሩ... አዎ፣ ቀስ እያልን...» ስትወጣ ዓይኗ አብጧል። አልቅሳለች። ከሁሉም የባሰብኝ ግን ዓይኗ አብጦ ሳለ ሳህን እያጠበች ማንጎራጎሯ ነው። የሚያለቅስ ሰው ገብቶኛል፣ የሚያንጎራጉርም ይገባኛል፤ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያደርግ ሰው ግን ያስፈራል። እንዲያው ሌላ ባል አገኘች ይሆን ሁሉ ብያለሁ። ከዚያ ጎረቤቱ ምግብ ያመጣ ጀመር። ዳቦ ይዞ ይመጣል፣ ገንፎ ይዞ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ፊቴን ያየኛል፣ «ልብህስ እንዴት ነው?» ይለኛል፣ ይሄዳል።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ልሞት ነው የሚል ነበር። ዶክተሩ ለእነሱ ነግሯቸው ለእኔ ደብቆኛል። ግን ቡዝ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳሰላስለው አልሆን አለኝ። የዚህ አገር ዶክተር ምሥጢር አያውቅም፤ ልትሞት ከሆነ ፊት ለፊት አስቀምጦ ይነግርህና መልካም ቀን ይሁንልህ ብሎ ይሸኝሃል። የምንደብቀው እኛ ነን። የምንደብቀው ደግሞ አንድ ነገር ነው።

መርዶ ነው። ሰው ሞቶብኛል።

ይህ ሲገባኝ እጄ ላይ የነበረው ቲኬት ወደቀ። የመርዶ አካሄዱን ጠንቅቄ አውቀዋለሁ። ስልክ ይሸሻል፣ ሰው ይለሳለሳል፣ ጎረቤት ያለ ምክንያት ይመጣል፣ በመጨረሻም አንድ ቀን በማለዳ ሽማግሌዎች በር ያንኳኳሉ። ከአራት ዓመት በፊት ታናሽ ወንድሜ ሙሉጌታ ወደ ሱዳን ሲሻገር በረሃ ላይ ቀረ የተባልኩ ጊዜ የተደረገው እንዲሁ ነው። አብሮት የተጓዘ ሰው በወባ ሲንቀጠቀጥ ትቶት እንዳለፈ፣ ከዚያ ቦታ ሰው ነፍሱን ይዞ እንደማይወጣ ተናገረ። ያረዱኝ ጋሽ ተፈራ ናቸው። እዚሁ ሳሎን ፍራሽ ዘርግተን ተቀመጥን። የእሱን ለቅሶ ጨርሰናል። እናትና አባቴ ድሮ ሞተዋል። የቀረችኝ አንዲት ሰው ናት፣ ደሴ ያለችው ታላቅ እህቴ እትዬ ዘነበች፤ እናታችን ስትሞት እኔንና ሙሉጌታን ያሳደገችን። ስልክ የላትም፤ ደብዳቤ ደግሞ ደርሶ እስኪመለስ ወር አልፎት ይሄዳል።

ጥሩወርቅን አፋጠጥኳት። «እትዬ ናት?»

«እትዬ ደህና ናት» አለች፣ ፈጥና። በጣም ፈጠነች። ደህና የሆነ ሰው ደህና ነው ለመባል ይህን ያህል አይቸኮልለትም። «አንተ ብቻ መጀመሪያ ልብህን አጠንክር» አለችና ተነሥታ ሄደች።

እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ሆነ። የሚደብቁኝ ልቤን ፈርተው ነው። ልቤ ጠንካራ መሆኑን ካዩ ይነግሩኛል። ስለዚህ ሁለት ነገር አደረግሁ፤ ማግኒዚየሙን አራት አደረስኩት፣ ጥንካሬዬንም በአደባባይ ማሳየት ጀመርኩ።

አንድ ቅዳሜ እማማ አሰለፈች ደረጃው አፋፍ ቆመው ሳለ፣ ሊፍቱን ትቼ ሁለት ከረጢት የታጠበ ልብስ በሁለት ትከሻዬ ተሸክሜ በእግሬ መውጣት ጀመርኩ። እንዲያዩኝ ብዬ ፈገግ እያልኩ ነው የምወጣው። በክኒኑ ምክንያት ለቀናት ሆዴ ውስጥ የተቀመጠ እህል የለም። ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ እማማ አጠገብ ስደርስ ወደቅሁ። አንዱ ከረጢት እኔን፣ ሌላው እማማን ጣለ። ልብሱ መሐል ተቀምጠን እሳቸው እየጮሁ በነጠላቸው ያራግቡልኛል፣ እኔ ከላያቸው የጥሩወርቅን ካልሲ እለቅማለሁ።

በሌላ ቀን በጋሽ ተፈራ ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነገሩን በቀጥታ አነሣሁት። «ጋሽ ተፈራ፣ እኔ ከእንግዲህ ምንም ብሰማ የምደነግጥ ሰው አይደለሁም» አልኳቸው። አፌን ሳልዘጋ ከኋላችን የቆመ የጭነት መኪና ጥሩምባውን ለቀቀው። ዘልዬ ጭንቅላቴ ከጣሪያው ጋር ተጋጨ። ጋሽ ተፈራ በመስታወቱ አዩኝና «ገና ነህ ልጄ» አሉ፣ በሐዘን።

ጥንካሬዬን ባሳየሁ ቁጥር መርዶዬ እየራቀ ሄደ። ቀን ቀን እትዬን በሐሳቤ እያስታመምኩ ነው የምውለው። አንዳንዴ ሞታለች እላለሁ፣ አንዳንዴ አልጋ ላይ ናት፣ ስሜን እየጠራች ነው እላለሁ። መኪና አሳስቼ ለማይገባው ሰው ሰጠሁ፤ ደግነቱ ሰውዬው ራሱ አስተዋለ። አልቅስ አልቅስ ይለኛል፣ ግን ለማን እንደማለቅስ ሳላውቅ እንዴት አለቅሳለሁ? ያልተነገረኝን ሞት ባለቅስ ማሟረት ይሆንብኛል። ስቄ እንዳላልፈው ደግሞ ሳቁ አይመጣም። ሰው እንዲህ ሆኖ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ከደረጃው ውድቀት በኋላ ጥሩወርቅ እጄን ይዛ ዶክተሩ ዘንድ መለሰችኝ። እንደገና ሽቦ፣ እንደገና ወረቀት። ዶክተሩ የምወስደው ነገር እንዳለ ሲጠይቀኝ ጥሩወርቅ ከቦርሳዋ ያን ጠርሙስ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ስንት እንደምውጥ ነገርኩት። መነጽሩን አወለቀ። «ልብህ የፈረስ ልብ ነው» አለኝ፣ «የሚያዳክምህ ይኼ ነው፤ ሆድህን ባዶ አድርጎታል። ከዛሬ ጀምሮ እንዳትነካው።» በእኔ ልብ ላይ ይህን ያህል ደስ ያለው ሰው አይቼ አላውቅም፤ ጥሩወርቅን ማለቴ ነው። ቤት እንደገባን መኝታ ቤት ሮጠች፣ በሩን ዘጋች። ጆሮዬን ለጠፍኩ። «ልቡ ጠንካራ ነው አለ... አዎ፣ የፈረስ ነው አለ... እንግዲያው ቅዳሜ በማለዳ...» ስትል ሰማኋት።

ቅዳሜ በማለዳ። በቃ፣ ቀን ተቆረጠልኝ።

ዓርብ ማታ ምንም አላልኳትም። ምንም እንዳልሰማ ሰው ሆኜ እራቴን በላሁ። ዶክተሩ አትንካ ቢለኝም፣ ነገ የምሰማውን ነገር በባዶ ልብ አልሰማውም ብዬ ተደብቄ ማግኒዚየሙን አነሣሁ። ስንት እንደዋጥኩ አልነግራችሁም፤ የፈረስ መጠን ነው።

ገና ሳይነጋጋ በሩ ተንኳኳ። እኔ በዚያ ሰዓት ሽንት ቤት ነበርኩ፣ ከነበርኩበትም የመውጣት ተስፋ አልነበረኝም። ጥሩወርቅ ስትከፍት ይሰማኛል። የብዙ ሰው ጫማ ገባ። ማንም አያወራም። በሩን ስንጥቅ አድርጌ ሳይ ጋሽ ተፈራ ጥቁር ሱፋቸውን ለብሰዋል፣ ሙሉጌታን ሲያረዱኝ የለበሱትን። እማማ አሰለፈች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ከኋላቸው ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። በሩን መልሼ ዘጋሁት፣ ቆለፍኩት።

«የት ነው?» አሉ ጋሽ ተፈራ።

«ሽንት ቤት ነው» አለች ጥሩወርቅ።

ጫማዎቹ ሁሉ ወደ እኔ መጡ። በሩ ላይ ቀስ ብለው አንኳኩ።

«ልጄ፣ ውጣና አንድ ጊዜ እንነጋገር።»

«አልችልም።»

«ለምን አትችልም?»

«ጋሽ ተፈራ፣ አልችልም አልኩ እኮ። እዚያው ሆነው ይንገሩኝ። እትዬ ናት?»

ጋሽ ተፈራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጀመሩ፤ «እንግዲህ ሁላችንም የእርሱ ነን። ሰጪም እርሱ፣ ነሺም እርሱ ነው። ሰው ሆኖ የማይደርስበት የለም...» ፎጣውን ከማንጠልጠያው ሳብኩ። «...አንተም ትልቅ ሰው ነህ፣ ብዙ አይተሃል። ወንድምህ ሙሉጌታ...»

«ሙሉጌታን ለቅሶ ተቀምጠናል» አልኩ በበሩ ውስጥ። «እርስዎ ነዎት ያረዱኝ። ሌላ ማን ሞተ?»

«እሱን ነው የምልህ» አሉ። ለስንቱ ሰው መርዶ ያረዱ ሰው ቃል ጠፋቸው። «እሱ... እንዴት አድርጌ ልበልህ... እሱ አልሞተም።»

ከበሩ ወዲያ እማማ አሰለፈች «ውሃ፣ ውሃ አቅርቡ» ሲሉ ሰማሁ። ሙሉጌታ ከበረሃው አልፎ፣ ካምፕ ውስጥ ወባውን ታሞ ድኖ፣ ዓመታት ተንከራቶ፣ ካርቱም አንድ ዳቦ ጋጋሪ ቤት እንደሚሠራ፣ ከዚህ ወደዚያ የሄደ ሰው የእኛን ስልክ እንደሰጠው፣ የዛሬ ወር ገደማ ጥሩወርቅ ስልኩን አንሥታ ድምፁን እንደሰማች በበሩ ቀዳዳ ነገሩኝ። ልቡ ደካማ ነው፣ ደስታ ይገድለዋል ብለው ተመካከሩ። ሞተ የተባለ ሰው በሕይወት አለ ተብሎ እንዴት እንደሚነገር የሚያውቅ ከመሃላቸው ጠፋ። ለዚህ ወግ አልተሠራለትም። ስለዚህ የሚያውቁትን ወግ ይዘው፣ ጥቁር ለብሰው፣ በማለዳ መጡ።

ልቤን ጠበቅሁት። ሁሉም የፈሩለት ሰዓት ደርሶለታል። ምንም አልሆነም፤ መታ፣ ደግሞ መታ። ፎጣውን አፌ ውስጥ አድርጌ አለቀስኩ። በሕይወቴ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም፣ ሞተ ብለውኝ ያለቀስኩትም እንደዚህ አልነበረም። ከውጭ ጥሩወርቅ በሩን እየደበደበች «አለህ? መልስልኝ፣ አለህ?» ትለኛለች። «አለሁ» አልኳት።

ከሽንት ቤት የወጣሁት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው። ስልኩን ወደ ሳሎን መለሱት። ኦፕሬተሯ ሙሉጌታ በተወልን ቁጥር ካርቱምን እስክታገኝ ሁላችንም ዙሪያውን ቆመን ጠበቅን። መስመሩ ሲንጫጫ ቆይቶ ከሩቅ አንድ ሰው «አቤት» አለ።

«ሙሉጌታ» አልኩ።

ከኋላው ሰዎች ሲያለቅሱ ይሰማል።

«ማን ልበል?» አለ በመጨረሻ፣ ተጠራጥሮ።

«እኔ ነኝ። ወንድምህ።»

«ጋሼ?» አለ። እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ ከዓለም እሱ ብቻ ነው። «ጋሼ፣ እውነት አንተ ነህ? ስደውል ታሟል ይሉኛል፣ ተኝቷል ይሉኛል፣ ቀስ ብለን እንነግረዋለን ይሉኛል፣ ይርበተበታሉ። ቁርጤን አወቅሁ። ሞትህን እንደደበቁኝ ገባኝ።» ማልቀስ ጀመረ፣ የሚለውን ለመስማት ስልኩን ጆሮዬ ላይ ተጫንኩት። «ከትናንትና ወዲያ ነው ለቅሶ የተቀመጥኩልህ። ሰዎቹ ገና አልሄዱም፣ ግቢው ሙሉ ነው። እዚህ ፊቴ ተደርድረው ያዩኛል። አሁን ምን ብዬ ልንገራቸው?»

ጋሽ ተፈራን አየኋቸው፣ በጥቁር ሱፋቸው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

«ቀስ ብለህ ንገራቸው» አልኩት።